ልጁ አዲስ ምግብ አልቀምስ ሲል፦ ችግሩ ከየት ነው፣ ምን ይደረግ?

ልጅ አዲስ ምግብ ሲተፋ አብዛኛው ወላጅ ቶሎ የሚቀይረው ምግቡን ነው። ካሮት እምቢ ካለ ድንች፣ ድንች እምቢ ካለ ዱባ፣ ከዚያ ሙዝ ይቀርብና ሲበላ «በቃ ይሄ ልጅ ከሙዝ ሌላ አይወድም» ተብሎ ነገሩ ያልቃል። እኔ ግን ምግቡን መቀየር መጨረሻ ላይ ነው መምጣት ያለበት ባይ ነኝ። መጀመሪያ ሰዓቱ ይታይ። ከዚያ አቀማመጡ፣ የምግቡ ውፍረት፣ የሚያበላው ሰው ሁኔታ። ካሮቱ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ከታች ያሉት ምልክቶች ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ተኩል ገደማ ባሉ ልጆች ላይ የሚታዩ ናቸው። የእናንተን ልጅ የሚመስለውን ፈልጉና ከዚያው ጀምሩ። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም በሐኪም ክትትል ላይ ያለ ልጅ ካላችሁ ግን የሐኪማችሁ ቃል ይቀድማል።

የሰጣችሁትን ሁሉ በምላሱ ገፍቶ ያወጣዋል

ይሄ ምግቡን መጥላት ላይሆን ይችላል። የጨቅላ ሕፃን ምላስ አፉ ውስጥ የገባን ነገር በራሱ ወደ ውጭ ይገፋል። እንዳይታነቅ የሚጠብቀው ተፈጥሯዊ መከላከያ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ እየደከመ ይጠፋል። አንዳንዱ ልጅ ላይ ትንሽ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት ተጨማሪ ምግብ በ6 ወር ይጀመር የሚለው በብዙ ምክንያት ነው፣ በዚህ ጊዜ አፉም አንገቱም ዝግጁ መሆናቸው አንዱ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እዩ። ደገፍ አድርጋችሁት መቀመጥ ይችላል? ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል? ሰው ሲበላ አይቶ እጁን ይዘረጋል? አይ ከሆነ መልሱ፣ ጥቂት ቀን ቆይታችሁ እንደገና ሞክሩ። ግን ወራት አትጠብቁ። ልጁ ሲወለድ ይዞት የመጣው የአይረን (የብረት ማዕድን) ክምችት ወደ 6 ወር ላይ እያለቀ ይሄዳል፣ የእናት ጡት ወተት ደግሞ በሌላው ነገር ሁሉ ግሩም ቢሆንም አይረን ላይ ጥቂት ነው ያለው።

ልጁ ዝግጁ ሆኖ አሁንም የሚገፋ ከሆነ የማንኪያ አያያዛችሁን እዩት። ብዙ ሰው ማንኪያውን አስገብቶ ምግቡን በላይኛው ድዱ ላይ ይጠርገዋል። ልጁ እንዲህ ሲደረግ በከንፈሩ መውሰድ አይለምድም። ትንሽና ጠፍጣፋ ማንኪያ ያዙ፣ ታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፉት፣ ከዚያ ጠብቁ። አፉን ከፍቶ፣ ከንፈሩን ገጥሞ ራሱ ይወስደዋል። ይህቺ «ጠብቁ» የምትለዋ ነገር ቀላል ትመስላለች እንጂ በጣም ከባድ ናት።

ማንኪያ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፣ አፉን ይገጥማል፣ ያለቅሳል

እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፣ ምክንያቱም «ልጄ አይበላም» የሚባለው አብዛኛው ነገር ይሄው ነው።

አንደኛው ምክንያት ሰዓት ነው። ወተት ጠጥቶ የጠገበ ልጅ ለምን ብሎ ዱባ ይቀምሳል? በሌላ በኩል ደግሞ «ሲርበው ይበላል» ብለው ወተቱን በጣም የሚያዘገዩ አሉ፣ ይሄም አይሠራም፤ በጣም የራበው ሕፃን የሚፈልገው የሚያውቀውን ነገር ነው፣ እሱም ወተት ነው፣ አዲስ ነገር የመማር ትዕግሥት ያኔ የለውም። መሃሉን ፈልጉ። ከወተት በኋላ አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ፣ ከእንቅልፍ ተነስቶ ሲነቃቃ ሞክሩ። ዓይኑን እያሸ ያለ ልጅን አታስቀምጡት። ለጥቂት ቀን የወተቱንና የእንቅልፉን ሰዓት ጻፉ፣ መልሱ ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ግፊት ነው። ይሄን ሰው መስማት አይወድም። ልጁ ፊቱን ሲያዞር ማንኪያው ይከተለዋል፣ ሲያለቅስ በተከፈተው አፍ ይገባል፣ ሲስቅም እንደዚያው፣ ወይም ስልክ ላይ ካርቱን ተከፍቶለት ሳያውቀው ይጎርሳል። ዛሬ ጎረሰ። ነገ ግን ወንበሩን ገና ሲያየው ያለቅሳል። በስልክ የሚበላው ልጅ ደግሞ መራቡንም መጥገቡንም አያዳምጥም፣ ስልኩ ሲጠፋ መብላቱም ይጠፋል።

ኤሊን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ሥራውን ለሁለት የምትከፍልበት መንገድ አለ፣ እኔ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚቀርብ የወላጅ ውሳኔ ነው። ይበላ አይበላ፣ ምን ያህል ይበላ የልጁ ነው። ገና ማንኪያ በጀመረ ሕፃን ላይ ሰዓቱም ቢሆን የሱን ረሃብ ይከተላል። ፊቱን ሲያዞር፣ አፉን ሲገጥም፣ ማንኪያውን በእጁ ሲገፋ «በቃኝ» እያለ ነው። አንዴ ቆም ብላችሁ እዩት፣ ካልፈለገ አንሱት። ያለ ቁጣ፣ ያለ ልመና። ገበታው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በላይ አይጎተት።

መጠኑም ብዙ ወላጅ የሚያስበውን ያህል አይደለም። በ6 ወር ሲጀመር በአንድ ገበታ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ በቂ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይማ ከዚያም ያነሰ ይሆናል። ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር ጀምሮ 3 ወይም 4 ጊዜ። ወተቱም አብሮ ይቀጥላል። አንድ ሳህን ሞልታችሁ አቅርባችሁ ግማሹ ቀረ ብላችሁ ከምትጨነቁ ትንሽ አቅርባችሁ ልጁ ይጨመርልኝ ቢል ይሻላል።

ሌላ አንድ ነገር፦ ለሱም ማንኪያ ስጡት። ይወርውረው፣ ይምጠጠው፣ ጸጉሩ ላይ ይቀባው። በማንኪያ ሲጎርስ የሚያለቅስ፣ ግን ምግብ በእጁ ሲያገኝ ራሱ ወደ አፉ የሚያስገባ ልጅ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ መራጭ አይደለም፣ ራሱን መምራት ነው የፈለገው። ወለሉ ይበላሻል፣ ምን ይደረግ።

እግሩ ተንጠልጥሎ፣ ወገቡ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ የተቀመጠ ልጅም ቶሎ ይደክመዋል። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ እግሩ የሚያርፍበት ነገር ይኑር፣ ጎኑን ፎጣ ጠቅልላችሁ ደግፉት።

ቀምሶ ፊቱን ይጨማድዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይተፋል

እሺ፣ ይሄ ጣዕም ነው። ሰው ሲወለድ ጣፋጭ ይወዳል፣ መራራ ይሸሻል። ቆስጣና ብሮኮሊ ሲጀመር ትግል መሆኑ፣ ሙዝ ያለ ጭቅጭቅ መግባቱ ለዚህ ነው። ፊት መጨማደድ ግን «አልፈልግም» ማለት አይደለም። ልጁ ፊቱን ጨምድዶ ሲያበቃ ለሚቀጥለው ጉርሻ አፉን ከከፈተ ቀጥሉ። እኛ ነን በፊቱ የምንደነግጠው።

መፍትሄው አሰልቺ ነው፦ ደጋግሞ ማቅረብ። ሕፃን አንድን አዲስ ጣዕም እስኪቀበለው ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ብዙ ወላጅ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ላይ ተስፋ ይቆርጣል። መቅመስ ስል ሳህን ሙሉ አይደለም፣ የማንኪያ ጫፍ ይበቃል። በየቀኑ ወይም አንድ ቀን እየዘለላችሁ፣ ከሚወደው ምግብ አጠገብ አድርጋችሁ ስጡት። ተፋው? ደህና፣ ምላሱ ነክቶታል፣ ያም ይቆጠራል።

ቆስጣውን ሙዝ ውስጥ መደበቅስ? ንጥረ ነገሩን ያስገኛል፣ ስለዚህ ክፉ ነው አልልም። ልጁ የሚለምደው ግን ሙዝ ነው። አንዳንዴ ደብቁ፣ ቆስጣውንም ለብቻው ማሳየታችሁን አታቁሙ። ጨውና ስኳር ጨምሮ ማጣፈጥ ግን ይቅር።

ጡት የሚጠባ ልጅ ካላችሁ እናትየዋ የምትበላው ነገርም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የጁሊ ሜኔላና የባልደረቦቿ ጥናት እናቶች በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ የካሮት ጭማቂ አዘውትረው ሲጠጡ ልጆቻቸው በኋላ የካሮት ጣዕም ያለውን ምግብ በተሻለ እንደተቀበሉት አሳይቷል። ልጁ ፊትም ያንኑ ብሉ። እናንተ የማትነኩትን ነገር እሱ ለምን ይንካ?

የላመውን ይበላል፣ ትንሽ ጓል ካገኘ ሊያስመልሰው ይላል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የላመ ምግብ ላይ በጣም መቆየት ነው። እንግሊዝ አገር ብዙ ሕፃናትን እየተከታተለ የተሠራ ጥናት ከ9 ወይም 10 ወር በኋላ ጓል ያለው ምግብ የጀመሩ ልጆች ቆይቶ የአመጋገብ ችግር በብዛት እንደሚታይባቸው አሳይቷል። ስለዚህ 10 ወር ሳይሞላ ማኘክ መለማመድ አለበት። ጥርስ መጠበቅም አያስፈልግም፣ ድዱ ለስላሳ ምግብ ያደቃል።

አሸጋገሩ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ቀጭን ፈሳሽ ውስጥ ጠጣር ቁራጭ ጣል ይደረጋል። ለሕፃን ከባዱ ይሄ ነው፣ ልዋጠው ሲል ድንገት ቁራጭ ያገኛል። ይልቅ ሁሉንም በአንድነት አወፍሩት፦ ዛሬ ከትናንቱ ወፈር ያለ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በመፍጫ ሳይሆን በሹካ የተደቆሰ። ጎን ለጎን በእጁ የሚይዘው፣ በሁለት ጣት ስትጫኑት የሚፈርስ ነገር ስጡት፦ በደንብ የበሰለ ካሮት፣ የበሰለ አቮካዶ፣ እስኪጠና የተቀቀለ እንቁላል።

ማስመለስ መቃጣቱና መታነቅ ደግሞ አንድ አይደሉም። ሊያስመልሰው ሲል ድምፅ አለው፣ ፊቱ ይቀላል፣ ያስላል፣ ራሱ ያወጣዋል። ሕፃናት ይህን የሚያስነሳው ቦታ ምላሳቸው ላይ ወደ ፊት ቀረብ ያለ ስለሆነ በትንሽ ነገር ይነሳባቸዋል። ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፣ አትጩኹ። የሚያስፈራው ዝምታው ነው። ድምፅ ከሌለ፣ ማሳልም ማልቀስም ካልቻለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ታንቋል። ከ1 ዓመት በታች ከሆነ በክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኝታችሁ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሃል 5 ጊዜ በመዳፍ ምቱት። ካልወጣ በጀርባው ገልብጣችሁ የደረቱ መሃል ላይ በጣት 5 ጊዜ ጫኑ፣ እየቀያየራችሁ ቀጥሉ፣ ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። የማይታያችሁን ነገር በጣት ለማውጣት አትሞክሩ፣ ወደ ውስጥ ይገፋል። ራሱን ከሳተ የልብና የሳንባ ማነቃቂያ ይጀመር። ሙሉ ወይን ፍሬ፣ ለውዝ፣ ፈንዲሻ፣ ጥሬ ካሮትና ክብ የተቆረጠ ቋሊማ ለዚህ ዕድሜ አይሰጡም፣ ሲበላም ብቻውን አይተው።

ትናንት ይበላው የነበረውን ዛሬ አልነካም አለ

ጉንፋን፣ ጥርስ፣ የጆሮ ሕመም፣ አፉ ውስጥ ቁስል። መጀመሪያ እነዚህን እዩ። የሆድ ድርቀትም የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ጠጣር ምግብ ሲጀመር የተለመደ ነው፣ ከምግብ ጋር ትንሽ ውኃ፣ ፒርና ፕሪም ይረዳሉ። ሲሻለው ተመልሶ ይበላል።

1 ዓመት አካባቢ ከሆነ ግን ምናልባት ምንም የለም። ልጅ በመጀመሪያው ዓመት የተወለደበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ያደርሳል፣ በሁለተኛው ግን እድገቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ፍላጎቱም አብሮ ይቀንሳል። ከ1 ዓመት ተኩል ጀምሮ ደግሞ አዲስ ነገር መፍራት በራሱ ይመጣል። ያን ጊዜ ሲደርስ የሚያውቀው ጣዕም ብዙ ቢሆን ጥሩ ነው፣ አሁን መድከሙ የሚጠቅመው ለዚህም ነው።

ቀኑን ሙሉ ብስኩት በእጁ ይዞ የሚዞር፣ ወይም ጭማቂ የሚጠባ ልጅ ገበታ ላይ ባይበላ አይገርምም። ጭማቂ ከ1 ዓመት በፊት አያስፈልግም። የላም ወተትም ዋና መጠጥ የሚሆነው ከ1 ዓመት በኋላ ነው፣ ያኔም በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ላይ ያብቃ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሆዱን ይሞላል፣ አይረኑንም ያጎድላል። የአይረን እጥረት ደግሞ ራሱ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ዙሪያ ጥምጥም ይሆናል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ምስር በየቀኑ እየተቀያየሩ ይግቡ። ማር ግን 1 ዓመት ሳይሞላ በፍጹም፣ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

መራጭነት የማይመስል ነገር ካያችሁ

አንድን ምግብ በበላ ቁጥር ሽፍታ የሚወጣበት፣ ከንፈሩ የሚያብጥ ወይም ከሰዓታት በኋላ ደጋግሞ የሚያስመልሰው ልጅ አለርጂ ሊኖረው ይችላል። ያንን ምግብ አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ። ትንፋሹ ከተቸገረ ወይም ልፍስፍስ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል። በሌላ በኩል አለርጂን ፈርቶ እንቁላልና ኦቾሎኒን ማዘግየት አሁን አይመከርም። ኦቾሎኒው በደንብ የላመና የቀጠነ ይሁን፣ ፍሬውን እንዳለ አይደለም። ከባድ ኤግዚማ (ቆዳን የሚያደርቅና የሚያሳክክ ሕመም) ያለበት ልጅ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።

በየገበታው የሚያስለው ወይም ትን የሚለው፣ ክብደቱ የቆመ ወይም የቀነሰ፣ የገረጣና የሚደክመው፣ ዳይፐሩ ከወትሮው በጣም የደረቀ፣ ወይም ከ10 ወር በኋላ ከላመ ውጭ ምንም የማይቀበል ልጅ ካላችሁ ደግሞ ይመርመር። ስትሄዱ የወተቱንና የእንቅልፉን ሰዓት የጻፋችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ ምን ምን እንደበላና ምን እንደተፋም ጨምሩበት፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።