ሠራተኛ ከመቅጠርዎ በፊት ሲያጣሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሥራ ልምድ ደብዳቤው አናት ላይ ያለውን ስልክ መደወል። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ደብዳቤ አስመስሎ የሠራ ሰው የጓደኛውን ስልክ ይጽፍበታል፤ ሲደውሉ "አዎ፣ እኛ ጋ ነበር" የሚል ሰው ያነሣዋል። የድርጅቱን ስልክ በራስዎ መንገድ ፈልገው የሰው ሀብት ክፍሉን ያግኙ፤ ቢቻል የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ጠቅሰው በጽሑፍ ይጠይቁ። ደብዳቤው ላይ ያለውን ራስዎ አንብበውላቸው "ትክክል ነው?" አይበሉ። መደቡን፣ የተቀጠረበትንና የለቀቀበትን ቀን፣ ደመወዙን እነሱ ከፋይል አይተው ይንገሩዎት።

ልምዱ ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ የተከፈለበትን ማስረጃ ይጨምሩበት። ማኅተም ማስቀረጽ ቀላል ነው፤ የሦስት ዓመት መዋጮ ወደ ኋላ ተመልሶ መፍጠር ግን ከባድ ነው። ማስረጃው ቢጠፋ ግን አመልካቹን ለመጣል አይቸኩሉ፤ ያልከፈለው አሠሪው ሊሆን ይችላል።

ዘመኑን ሳያገናዝቡ መፍረድ። ሲቪው "ሴፕቴምበር 2018 – ጁን 2021"፣ ደብዳቤው "ከመስከረም 2011 እስከ ሰኔ 2013" ቢል ሁለቱ አንድ ናቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። በሁሉም ላይ 8 የሚደምር ሰው ሐቀኛውን ያለ ጥፋቱ ውሸታም ያደርገዋል። በዲግሪውና በፋይዳ መታወቂያው መካከል የስም ስፔሊንግ በአንድ ፊደል ቢለያይም እንዲሁ፤ ያስጠይቃል እንጂ አያስጥልም።

የዲግሪውን ኦሪጅናል አይቶ መርካት። ኦሪጅናል የሚመስል ወረቀትም ይታተማል። ለሰጠው ተቋም ሬጅስትራር ደብዳቤ ይጻፉ።

አሁን ወደሚሠራበት መሥሪያ ቤት ሳያስፈቅዱ መደወል። እርስዎ ሳይቀጥሩት እዚያ እንጀራውን ሊያሳጡት ይችላሉ። የመጨረሻው ምርጫዎ ከሆነ በኋላ፣ በጽሑፍ ፈቅዶልዎት ብቻ ይደውሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ የሰው መረጃ መጎርጎር ሊያስጠይቅ ይችላል።

ኤችአይቪ ተመርምረህ ና ማለት። ፈጽሞ አይጠይቁ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ሠራተኛው እንቢ ማለት ይችላል።

"ተያዥ (ዋስ) አለው" ብሎ ማጣራቱን መተው። ለገንዘብ ያዥና ለዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ተያዥ መጠየቅ የተለመደ ነው። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም። "ለሚያጠፋው ሁሉ ተጠያቂ ነኝ" የሚል ወረቀት ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ቢያኖሩትም ጉድለት በመጣ ቀን አያድንዎትም። መጠኑን በብር ያስጽፉ፤ የዋሱን የደመወዝ ደብዳቤም ልክ እንደ ሥራ ልምዱ ከምንጩ ያጣሩ።

ቀጥሮ በሙከራ ጊዜ ማጣራት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የሬጅስትራር መልስ ሲዘገይ ቀኑ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት ይፈልጋል። የማጣሪያ ደብዳቤዎቹ ውል ከመፈረሙ በፊት ይውጡ።