የአኩስቲክ ጊታር ፒክአፕ ድምፅ ሲያጣ

«ፒክአፑ ተቃጥሏል» ተብለው ለጥገና ከሚመጡ አኩስቲክ ጊታሮች የብዙዎቹ ፒክአፕ (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ደህና ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ወርዶ አዲስ ከመፈለግ በፊት ባትሪውን፣ ገመዱ የሚሰካበትን ጃክና ክሮቹ የሚያርፉበትን ሳድል በየተራ መመርመር ይገባል።

ባለ 9 ቮልቱ ባትሪ በቴስተር ተለክቶ ከ8 ቮልት በታች ካሳየ ይቀየር። ጃኩ ገመድ ሲሰካበት ባትሪውን የሚያበራ ማብሪያም በመሆኑ፣ ገመዱን ሳይነቅል የሚተኛ ተጫዋች ባትሪውን ሳያውቀው ይጨርሳል። ገመዱ ሲነካካ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ጃኩ ዘንድ ነው፤ ብሎኑ ላልቶ ጃኩ በተሽከረከረ ቁጥር ከውስጥ የተበየደውን ሽቦ ይበጥሰዋል።

አንዱ ክር ጎልቶ ሌላው ደክሞ ከተሰማ ግን ነገሩ ሳድሉ ሥር ነው። ፒዬዞ የሚባለው ይህ ፒክአፕ በሳድሉ ቦይ ውስጥ የተነጠፈ ቀጭን ዘንግ ሲሆን፣ የሚሠራው ሳድሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲጫነው ብቻ ነው። ክሮቹን አውልቆ፣ ሳድሉን በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቀስ ብሎ ነቅሎ፣ የታችኛውን ጠርዝ በብረት ማስመሪያ ላይ አቁሞ ወደ መስኮት ማየት ነው፤ በሥሩ ብርሃን ካለፈ ጎብጧል። መስታወት ላይ በተለጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ሳያዘነብሉ መፈግፈግና የቦዩን አቧራ በብሩሽ መጥረግ ያስተካክለዋል። በድሬ ፀሐይ መኪና ውስጥ ተትቶ ሙጫው የለዘበና ሳድሉን የያዘው እንጨት፣ ብሪጁ፣ የተነሳ ጊታር ከሆነ ግን መጀመሪያ ብሪጁ ይጣበቅ፤ ያለዚያ የተደከመው ሁሉ ከንቱ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ለውጥ ከሌለ ፒክአፑ ይቀየራል። የቦዩን ስፋት በካሊፐር መለካት ግድ ነው፤ 3 ሚሊሜትርና 2.4 ሚሊሜትር የሚሆኑ በብዛት ይገኛሉና በዓይን ግምት መግዛት ያሳስታል። አዲሱን ዘንግ ሳያጥፉ ሽቦውን በቦዩ ጫፍ ባለው ቀዳዳ ወደ ጊታሩ ሆድ ማሳለፍ፣ ከፕሪአምፑ (ድምፁን ከሚያጎላው ባለ ባትሪ ክፍል) ጋር ማገናኘትና እንዳይንኳኳ ከውስጥ በፕላስተር መያዝ ነው። መበየድ ካስፈለገ የሽቦው መረብ መሬት ወደሚባለው ጫፍ፣ መሐለኛው ወደ መግቢያው ይሄዳል፤ ካውያው ከዘንጉ ይራቅ፣ ፒዬዞ ሙቀት አይችልም። አዲሱ ከአሮጌው የወፈረ ከሆነ በልዩነቱ ልክ ሳድሉ ከታች ይፈገፈግ።

ክሮቹ ከመወጠራቸው በፊት ሳድሉን በጥፍር እየመቱ በአምፕሊፋየር ማዳመጥ በኋላ ደግሞ ከመፍታት ያድናል። ከተወጠሩ በኋላ ስድስቱም እኩል ካልወጡ፣ ሳድሉ በአዲሱ ፒክአፕ ላይ ተጭኖ እስኪረጋ አንድ ቀን አቆይቶ እንደገና መሞከር ነው።