ፍትሕን የሚመረምር ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ልውውጥ እንዴት ይዘጋጃል?

የሥነ ጥበብ ልውውጥ የሁለት አገር ሠዓሊዎች፣ ቀራፂዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች እየተጎበኛኙ ወይም ሥራቸውን እየተላላኩ በአንድ ጥያቄ ላይ አብረው የሚሠሩበት መንገድ ነው። ጥያቄው የማኅበራዊና የአካባቢ ፍትሕ ሲሆን ግን አዘጋጁ ተጨማሪ ኃላፊነት አለበት፤ ልውውጡ ራሱ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ከሆነ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሥዕል ስለ ፍትሕ የሚናገረውን ማንም አያምነውም። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በአዲስ አበባ የሚገኝ አነስተኛ የሠዓሊዎች ስብስብ ከውጭ አገር አቻው ጋር ሊሠራበት የሚችል ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን አጥብቡት። «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚል ርዕስ ሁሉንም ስለሚያቅፍ ምንም አይዝም። አንድ ቦታ ይዞ መነሣት ይሻላል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎቹ ሟቾች ከክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ድሆች ነበሩ፤ በዚያ ቦታ የአካባቢን ጉዳይ ከድህነት ጉዳይ ለይቶ መሣል አይቻልም። ከዚህ ተነሥቶ «ከተማ የጣለው ነገር በማን ደጃፍ ይከመራል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ይህ ጥያቄ በየትኛውም ትልቅ ከተማ መልስ ስላለው ለልውውጥ ይመቻል።

ቀጥሎ አቻ ፈልጉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አትለፉ፦ እንግዶቹ ያንኑ ጥያቄ በገዛ ከተማቸውም ለመመርመር ፈቃደኞች መሆን አለባቸው። እነርሱ የእኛን ችግር ለመሣል ቢመጡ፣ እኛ ደግሞ የእነርሱን ሙዚየም ለመጎብኘት ብንሄድ፣ ያ ጉብኝት እንጂ ልውውጥ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ስምምነቱን በሁለቱም ወገን ቋንቋ በጽሑፍ አስፍሩ። የውሎ አበልና የቁሳቁስ ወጪ በማን እንደሚሸፈን፣ በጋራ የተሠራው ሥራ የማን እንደሚሆን፣ ቢሸጥ ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ በጉዞ ላይ ቢበላሽ ማን እንደሚተካ አስቀድሞ ይወሰን። በወዳጅነት ስሜት ይህን መዝለል የተለመደ ነው፤ ጠቡም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከዚያው ነው።

ቁሳቁሱን ከጥያቄው ጋር አዛምዱት። የአዲስ አበባው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ ያገኛቸውን የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጮችና ሽቦዎች እየገጣጠመና እየጎነጎነ ሰፋፊ ሥራዎችን ሠርቷል፤ በሥራው ፊት የቆመ ሰው የተጣለውን ዕቃ በሩቁ ሳይሆን በዓይኑ ያየዋል። በጋና ተወልዶ በናይጄሪያ ብዙ ዘመን የሠራው ኤል አናትሱይ ደግሞ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳኖችን በመዳብ ሽቦ እያያያዘ እንደ ጨርቅ የሚታጠፉ ግዙፍ ሥራዎችን ያዘጋጃል። ለአዘጋጅ ይህ ትልቅ ትምህርት አለው፦ ታጥፎ የሚጓዝ ሥራ የማጓጓዣውን ወጪ በእጅጉ ያቀልላል።

በጣም መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በሰዎች ላይ ነው። በምትሠሩበት ሰፈር የሚኖሩትን ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ ወይም ከመሣላችሁ በፊት ምስሉ የት እንደሚታይና ሊሸጥ እንደሚችል በግልጽ ንገሯቸው፤ እምቢ ካሉ አትለማመጧቸው። ሌላም አማራጭ አለ። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 ዋተርኤድ የተባለው በንጹሕ ውኃ ላይ የሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስለ ውኃ እጥረት እንድትሠራ ሲጋብዛት፣ የተጠሙ ሰዎችን ፊት ከመልቀም ይልቅ በዳሎል ምድር ላይ ደማቅ ልብስ የለበሱ ሴቶችን አቁማ በታሰበበት ቅንብር አንሥታለች። ችግሩ ተነግሯል፤ የማንም ክብር አልተነካም።

ለጉዞው ጊዜ ስጡ። አቻችሁ በአውሮፓ ከሆነ፣ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለውን የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ቢያንስ 15 ቀን ሲቀረው ግን መግባት አለበት። የግብዣው ደብዳቤ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንና ሠዓሊው መቼ እንደሚመለስ በግልጽ ይጥቀስ። በዘይት ቀለም የተሠራ ሸራ በደንብ ሳይደርቅ አይጠቅለል፤ ሲጠቀለልም የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ በወፍራም ቱቦ ላይ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ይጨማደዳል። አሮጌ ዕቃ በሥራው ውስጥ ካለ፣ ከአገር ከመውጣቱ በፊት ከቅርስ ባለሥልጣን መጠየቅ ኋላ በኤርፖርት ከመጨቃጨቅ ያድናል።

ስለ አካባቢ እየተናገሩ በአውሮፕላን መመላለስ ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። ሠዓሊው ኦላፉር ኤሊያሰን ከጂኦሎጂስቱ ሚኒክ ሮሲንግ ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ከግሪንላንድ የመጡ 12 የበረዶ ቋጥኞችን ፓሪስ አደባባይ ላይ ሲያኖሩ፣ ሥራው ያስከተለው የካርቦን ልቀት ተሰልቶ ለሕዝብ ይፋ ሆኗል። አነስተኛ ስብስብም ይህን ማድረግ አያቅተውም። ለአንድ ሳምንት አሥር ሰው ከመላክ ሁለት ሰው ለሁለት ወር ልኮ ሌሎቹ በኢንተርኔት እንዲወያዩ ማድረግ በወጪም በሥራውም ጥራት ይሻላል።

ዐውደ ርዕዩን በሁለቱም ከተሞች ክፈቱ። የመጀመሪያው ቀን ሥራው ስለ እነርሱ ለሚናገረው ለሰፈሩ ነዋሪዎች ይሁን፤ መግለጫዎቹም በሚያነቡት ቋንቋ ይጻፉ። ኤምባሲዎቹና ጋዜጠኞቹ በማግሥቱ ሊጋበዙ ይችላሉ። ፎቶግራፍ የተነሣ ሰው ካለ፣ የታተመ አንድ ቅጂ በዚያው ዕለት በእጁ ይሰጠው።