በአውሮፓ አገሮች ከባሕር የሚሰገረውን የሲብሪም ምርት አዝማሚያ እንዴት እናነባለን?

በገበታ ላይ የምርት መስመር ሲወጣ ዓሣው በዛ፣ ሲወርድ ዓሣው አለቀ ብሎ መደምደም ይቀናል። በሲብሪም ረገድ ግን ብዙ ጊዜ የሚለወጠው ባሕሩ ሳይሆን መዝገቡ ስለሆነ፣ አንባቢው ከመስመሩ በፊት የመዝገቡን አያያዝ መመርመር አለበት።

በመጀመሪያ ዝርያውን ይለዩ። ሲብሪም የአንድ ዓሣ ስም ሳይሆን የሰፊ ቤተሰብ መጠሪያ ነው። በዓይኖቹ መካከል ወርቃማ መስመር ያለውን ስፓሩስ አውራታን ስፔናውያን ዶራዳ፣ ጣሊያናውያን ኦራታ፣ ግሪኮች ጺፑራ ይሉታል። ፈረንሳዮች ይህንኑ ዓሣ ዶራድ ሮያል ሲሉት፣ ዶራድ ሮዝ የሚሉት ግን ፓጌሉስ ቦጋራቬዎ የተባለውን ሌላ ዝርያ ነው። ስለዚህ በአገርኛ ስም ከመፈለግ ይልቅ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በሚጠቀምባቸው ባለ ሦስት ፊደል መለያዎች መፈለግ ይሻላል፤ የስፓሩስ አውራታ ኤስቢጂ (SBG)፣ የፓጌሉስ ቦጋራቬዎ ኤስቢአር (SBR) ነው። ልዩነታቸው አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ ሲመርጡ ዓይንዎን አይመኑ።

ቀጥሎ የተሰገረውን ከረባው ይለዩ። ስፓሩስ አውራታ በግሪክና በቱርክ በብዛት ስለሚረባ፣ የእርባታው አኃዝ ከተቀላቀለ የባሕሩ ምርት ፈጽሞ ይዋጣል። ፋኦ ከ1950 ጀምሮ የሚዘልቁትን የሁለቱን አኃዞች ለየብቻ ያቀርባል። እንዲያም ሆኖ ድንበሩ ፍጹም አይደለም፤ በጥር 2020 ግሎሪያ የተባለው ማዕበል በስፔን የሜዲትራኒያን ዳርቻ የእርባታ መረቦችን ሲበጣጥስ ብዙ ዓሣ አምልጧል፤ ያመለጠው ዓሣ በአስጋሪ እጅ ሲገባ ደግሞ ከተሰገረው ጋር ሊቆጠር ይችላል።

«አውሮፓ» የሚለውም ቃል ያሳስታል። ፋኦ ቱርክንና ቆጵሮስን በእስያ ሥር ይመድባል፤ የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ ቢሮ ግን ቆጵሮስን ከአባላቱ ጋር ይቆጥራል። ብሪታንያም በ2020 ከኅብረቱ ስለወጣች፣ የኅብረቱን ድምር ከዓመት ዓመት ሲያወዳድሩ የአባላቱ ዝርዝር አንድ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ።

አሁን መስመሩን ይሳሉ፤ ነገር ግን ሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክን (በፋኦ አከፋፈል ቀጣና 27) ከሜዲትራኒያንና ጥቁር ባሕር (ቀጣና 37) ጋር አይደምሩ። የአንድ ዓመት መዋዠቅ እንዳያሳስትዎ የሦስት ዓመት አማካይ ይውሰዱ። ለምሳሌ ያህል፣ የአንድ አገር ምርት በተከታታይ 100፣ 160፣ 130 እና 70 ቶን ቢሆን፣ የመጨረሻው ዓመት በግማሽ ሊወርድ ምንም ያህል ያልቀረው ሲመስል፣ አማካዩ ግን ከ130 ወደ 120 ብቻ ይወርዳል።

በመጨረሻ ምክንያቱን ይፈልጉ። ፓጌሉስ ቦጋራቬዎ አብዛኛውን ጊዜ በወንድነት ጀምሮ ካደገ በኋላ ወደ ሴትነት ስለሚለወጥ፣ ትልልቁን መልቀም እንቁላል ጣዮቹን መልቀም ነው፤ በቢስኬይ ባሕረ ሰላጤ የነበረው ክምችትም ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ተንኮታኩቷል። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በአትላንቲክ ለዚህ ዝርያ የዓሣ ማስገር ኮታ (ሊሰገር የሚፈቀደውን ከፍተኛ መጠን) ስለሚወስን፣ በገበታዎ ላይ በዚያ ዓመት ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፤ ከመስመሩ በስተቀኝ ያለውን ቅናሽ ከዓሣው ማነስ ጋር ከማያያዝዎ በፊት የዚያን ዓመት ኮታ ጎን ለጎን ያስቀምጡ።