ደንበኛ ሲሰድባችሁ ማናጀራችሁ ዝም ካለ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ካውንተር ላይ ቆሞ ወይ ስልክ ላይ ተቀምጦ የሚሰራ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ ስድቡ ራሱ ያማል ግን ከስድቡ በላይ የሚሰብረው ማናጀራችሁ አጠገባችሁ ቆሞ ሁሉንም እየሰማ «በቃ ይቅርታ ጠይቂው» ሲላችሁ ነው። እኔ መጀመሪያ ካሸር ሆኜ ከዛ ኮል ሴንተር ገብቼ ሰርቻለሁ፣ ከታች ከጻፍኳቸው ስህተቶች ብዙዎቹን ሰርቼ ነው ያወቅኳቸው፣ ሌላ ሰው እንዳይደግማቸው ብዬ ነው።

የመጀመሪያው መልሶ መሳደብ ነው። አንድ ሰውዬ ያለ ደረሰኝ እቃ ሊመልስ መጣ፣ ያለ ደረሰኝ አይመለስም የሚለው ህግ የሱቁ እንጂ የኔ አይደለም፣ እሱን ስነግረው «አንቺ ደደብ፣ ማን ነው የቀጠረሽ» ብሎ ካርዱን ወረወረብኝ፣ ካርዱ ደረቴን መቶኝ ኪቦርዱ ላይ ወደቀ። እኔም «ደደብ አንተ ነህ» አልኩት። ከዛ በኋላ ስለ ካርዱ ያነሳ ሰው የለም፣ ሪፖርቱ ላይ የሰፈረው የኔ ሶስት ቃል ብቻ ነው፣ ማስጠንቀቂያውም የደረሰው ለኔ ነው። ማናጀራችሁ እንደማይቆምላችሁ ካወቃችሁ ለደንበኛው አንዲት የስድብ ቃል አትስጡት። እሱ «አንቺ» «አንተ» እያለ ይጩህ፣ እናንተ «እርስዎ» ከሚለው አትውረዱ፣ ሰልፍ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ልዩነቱን ይሰማል፣ በኋላ ምስክር ሲያስፈልግ የሚያስታውሱት እሱን ነው።

ሁለተኛው የዚ ተቃራኒ ነው፣ ሁሉንም ዋጥ አርጎ ፈገግ ማለት። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ሲባል ነው ያደግነው መሰለኝ፣ ግን የተናደደ ደንበኛና ተሳዳቢ ደንበኛ አንድ አይደሉም። የተናደደው የሚያወራው ስለ እቃው ወይ ስለ ገንዘቡ ነው፣ ቢጮህም እውነት ሊኖረው ይችላል፣ እሱን አዳምጡት፣ ጨርሶ ይናገር፣ ብዙ ጊዜ ሲጨርስ ራሱ ይበርዳል። ተሳዳቢው ግን የሚያወራው ስለ እናንተ ነው፣ ስለ መልካችሁ ስለ ዘራችሁ ስለ እናታችሁ። ለሱ በረጋ ድምጽ «ችግርዎን ልፈታልዎት እፈልጋለሁ፣ እየተሰደብኩ ግን መቀጠል አልችልም» በሉት፣ አንዴ፣ ሳትረዝሙ። ብዙ ተሳዳቢ እዚ ላይ ያፍራል ወይ ደንግጦ ያቆማል። ደሞ ፈገግ ብሎ መዋጥን እንደ ቀላል ነገር አትዩት፣ አርሊ ሆክሽልድ የምትባል የሶሲዮሎጂ ምሁር የበረራ አስተናጋጆችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ ይሄን የስሜት ስራ ብላዋለች፣ ለደሞዝ ተብሎ ስሜትን መቆጣጠር ራሱ ስራ ነው ማለቷ ነው። እኔ ቤት ስገባ ማንም እንዳያናግረኝ እፈልግ የነበረው ለምን እንደሆነ የገባኝ ይሄን ሳነብ ነው።

ሌላው ስህተት «ቆይ ማናጀሬን ልጥራልዎት» ብሎ መሮጥ። ማናጀሩ የሚደግፍ ከሆነ ጥሩ፣ ካልሆነ ግን እናንተ አይቻልም ያላችሁትን እፊታችሁ ይፈቅድለታል፣ ሰውየውም ስድብ እንደሚሰራ ተምሮ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። መጥራት ግድ ከሆነ ቀድማችሁ ለብቻው ሶስት ነገር ንገሩት፣ ምን ጠየቀ፣ ህጉ ምን ይላል፣ ምን ብሎ ሰደበኝ። ከዚ የሚሻለው ደሞ ጠብ በሌለበት ቀን፣ ሺፍት ሳይጀመር፣ «ደንበኛ ሲሰድበኝ ስልኩን መዝጋት እችላለሁ? ከስንት ማስጠንቀቂያ በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን ካገኛችሁ በኋላ «እንደተነጋገርነው» ብላችሁ በኢሜል ወይ በቴሌግራም መልሳችሁ ላኩለት። ካልተፈቀደላችሁ ደግሞ ደንበኛውን «ስልኩን እዘጋዋለሁ» ብላችሁ አታስፈራሩ፣ የማትፈጽሙትን ነገር ከተናገራችሁ ይባስ ነው የሚያደርገው።

አራተኛው፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምቆጭበት፣ አለመጻፍ ነው። ሶስት ጊዜ ለማናጀሬ በቃል ነግሬዋለሁ፣ ሶስቴም «እሺ አየዋለሁ» ብሎኛል። ከዛ አንድ ትንሽ ደብተር ገዛሁና ቀኑን፣ ሰአቱን፣ የተባልኩትን ቃል በቃል (ስድቡን ሳላለሳልስ)፣ ማን አጠገቤ እንደነበረ፣ ማናጀሩ ምን እንዳለ መጻፍ ጀመርኩ፣ እዛው ቀን፣ ቤት ሳልገባ። የጻፍኩት አስራ አንድ ጊዜ ሲሞላ ገልብጬ ለማናጀሬና ለኤችአር (ለሰው ሃይል ክፍሉ) በአንድ ላይ ላክሁት። ማናጀሬ ጠርቶኝ «ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም» አለኝ። ነግሬው ነበር እኮ፣ ግን ያልተጻፈ ነገር እንዳልተነገረ ነው የሚቆጠረው። ኮፒውን የስራ ኮምፒውተር ላይ ብቻ አታስቀምጡ፣ የደንበኛውን ስልክ ቁጥርና አካውንት ምናምን ግን ይዛችሁ አትውጡ፣ ያ በእናንተ ላይ ይዞራል።

ስትጽፉ «በጣም ተጎዳሁ» ብቻ አትበሉ። ተጎድታችኋል፣ እውነት ነው፣ ግን ማናጀር ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቁጥር ነው። ስድቡ ሃያ ደቂቃ ከፈጀ፣ ሰልፉ ላይ ስንት ሰው ትቶ ከሄደ፣ በዚ ምክንያት ስንት ልጅ ስራ ከለቀቀ ጻፉት። ብቻችሁን ደሞ አትሂዱ፣ አብረዋችሁ የሚሰሩትም ያንኑ ሰው ያውቁታል፣ ሶስት ሰው አንድ ላይ የፈረመበት ወረቀት «እሷ ትንሽ ስሜታዊ ናት» ተብሎ አይታለፍም።

ቪዲዮ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ፦ አትሞክሩት። ለአንድ ቀን ደስ ይላል፣ ከዛ ግን ድርጅቱ የሚይዘው ጉዳይ የእናንተ ቪዲዮ ይሆናል።

ዛቻን እንደ ስድብ መቁጠር ደግሞ አደገኛው ስህተት ነው። «ስትወጪ አገኝሻለሁ» ካለ፣ ከነካችሁ፣ ካውንተሩን አልፎ ከመጣ፣ የማናጀር ፈቃድ አትጠብቁ፣ ቦታውን ለቃችሁ ሰው ወዳለበት ሂዱ፣ ጥበቃ ጥሩ፣ ለፖሊስ ደውሉ፣ ብቻችሁንም አትውጡ። የዓለም የስራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 በስራ ላይ የሚደርስ ጥቃትን ሲያነሳ ከደንበኛ የሚመጣውንም ያካትታል፣ ከባድና ቅርብ አደጋ አለ ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ያለው ሰራተኛም ሳይቀጣ ከቦታው መራቅ እንዲችል ይላል። አገራችሁ አጽድቃው እንደሆነ እዩ፣ የአገራችሁን የስራ ህግም አብራችሁ ተመልከቱ።

የመጨረሻው በተናደዳችሁበት ቀን ባጁን ጥሎ መውጣት ነው። ስሜቱ ይገባኛል፣ እኔም ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሼ በዛው ልሄድ ብያለሁ። ግን ያኔ ከወጣችሁ ያለ ደሞዝ፣ ያለ የስራ ልምድ ወረቀት፣ «ትታ ጠፋች» ተብላችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ። መልቀቅ ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ጽፋችሁ ሁለቴ ሶስቴ አሳውቃችሁ ምንም ካልተቀየረ ልቀቁ፣ ሌላ ስራ እየፈለጋችሁ፣ የማሳወቂያ ጊዜያችሁን ጠብቃችሁ። መልቀቂያ ደብዳቤው ላይ «በግል ጉዳይ» ብላችሁ አትጻፉ፣ በነዚህ ቀኖች ይሄን አሳውቄ መልስ አላገኘሁም ብላችሁ ቀኖቹን ዘርዝሩ፣ ደርሶናል የሚል ፊርማ ያለበትን ኮፒም ይዛችሁ ውጡ።