አዳማ ላይ የብሎኬት ማሽን በብድር ከመግዛትዎ በፊት ወለዱን እንዴት ያሰሉታል?

ባንኩን «ወለዱ ስንት ነው?» ከማለትዎ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ «አሁን ብድር እየለቀቃችሁ ነው?» ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ገደብ ጣለ፤ በታኅሣሥ 2017 ወደ 18፣ በመስከረም 2018 ወደ 24 በመቶ አሳደገው። ገደቡ የሞላበት ባንክ ከፍተኛ ወለድ እከፍላለሁ ቢሉትም አያበድርም። ወረፋ ሲጠብቁ የፕሮፎርማው ጊዜ ያልፋል፤ ማሽኑ ከውጭ የሚገባ ከሆነ ምንዛሬው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዋጋውም ይንቀሳቀሳል። ፕሮፎርማ የሚያሠሩት የብድር ክፍሉን ካናገሩ በኋላ ይሁን።

ቀጥሎ ካልኩሌተር ያውጡ። ብድሩ 2,000,000 ብር፣ ጊዜው 5 ዓመት፣ ክፍያው በየወሩ እኩል፣ ወለዱም 18 በመቶ ነው እንበል። 18ን ለ12 ሲያካፍሉ የወሩ ወለድ 1.5 በመቶ፣ ማለትም 0.015 ይሆናል። 1.015ን 60 ጊዜ በራሱ ሲያባዙ 2.443 ይመጣል። 1ን ለዚህ ያካፍሉ፣ የተገኘውን ከ1 ይቀንሱ፤ 0.5907 ነው። የመጀመሪያው ወር ወለድ 30,000 ብር ለ0.5907 ሲካፈል የወር ክፍያዎ 50,787 ብር ይሆናል። በ15 በመቶ ቢሆን 47,580፣ በ22 በመቶ ደግሞ 55,238 ነው።

ይህ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ሲታሰብ ነው። እስከ መጨረሻው በመነሻው ብድር ላይ ከታሰበ ያው 18 በመቶ ክፍያውን 63,333 ብር ያደርሰዋል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ የክፍያ ሰንጠረዡን ሳያዩ አይፈርሙ።

አሁን ገቢዎን ከጎኑ ያስቀምጡ፤ የሲሚንቶ፣ የአሸዋ፣ የመብራትና የሠራተኛ ወጪ ተቀንሶ የሚቀረውን። ብሎኬት በክረምት ቶሎ አይደርቅም፣ ግንባታም ይቀዘቅዛል። ዘጠኙ ወር 65,000፣ ሦስቱ የክረምት ወራት 25,000 ብር ቢተርፍ፣ አማካዩ በወር 55,000 ነው። በ18 በመቶ ያዋጣል፣ በ22 በመቶ ግን ከኪስዎ ይጨምራሉ። የአንድ ማሽን ግዢ የሚሰረዘው በዚህች ከ18 ወደ 22 ባለች ልዩነት ነው፤ የፖሊሲ ወለድ (ብሔራዊ ባንክ የሚወስነው መነሻ ወለድ) ኢንቨስትመንትን ይነካል ሲባልም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም።

ያ ወለድ ከላይ የሚመጣው እንዲህ ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ አደረገ፤ ባንኮች ትርፍ ገንዘባቸውን እሱ ዘንድ በ12 ማስቀመጥ፣ ሲቸግራቸውም በ18 መበደር እንዲችሉ ሆነ። የፖሊሲ ወለዱ ሲጨምር ባንክዎ ለእርስዎ በርካሽ የሚያበድርበት ምክንያት የለውም። ለብሎኬት ነጋዴ ደግሞ ጉዳቱ ድርብ ነው፦ ያው ጥብቅ ፖሊሲ ቤት የሚሠራውን ደንበኛዎንም ከብድር ያርቀዋል። ስለዚህ ወለድ ሲጨምር ሽያጩንም በ20 በመቶ ቀንሰው ደግመው ያስሉ።

«ግሽበቱ ዕዳውን ይበላዋል» የሚሉ አሉ። ይህ የሚሠራው የብሎኬት ዋጋ ከሲሚንቶው እኩል ሲጨምር ብቻ ነው፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ግን ሲሚንቶው ቢወደድም ብሎኬቱ ባለበት ሊቆም ይችላል።

የእፎይታ ጊዜ (ዋናው ዕዳ ቆይቶ ወለድ ብቻ የሚከፈልበት) ከጠየቁ፣ በ18 በመቶ ማሽኑ ሳይነሳ የሚከፈለው የ6 ወር ወለድ ብቻውን 180,000 ብር ነው፤ ከመነሻ ካፒታልዎ ለይተው ያስቀምጡት። ውሉ ላይም «ባንኩ ወለዱን ማሻሻል ይችላል» የሚል አንቀጽ ካለ፣ ስሌትዎን በ18 ሳይሆን በ22 ይሥሩ።