ሕፃን ይዞ ጣና ዳር ድንኳን ውስጥ ለማደር

ልጃችን ድንኳን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረችው በ14 ወሯ ነው። ባሕር ዳር አጠገብ ባለችው ዘጌ፣ ከሐይቁ ከፍ ብሎ ባለ የወዳጃችን ግቢ፣ ቡናው ጥላ ሥር። እናቴ "ልጅቷ ምን በደለቻችሁ?" ብላ ሦስት ቀን አኩርፋኛለች። ግን ይቻላል፤ ደስም ይላል። ከዚያ ወዲህ ደጋግመን ሄደናል፣ የተማርነውን ልንገራችሁ።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ከሕፃን ጋር ስትሄዱ ጣና ለዓይን እንጂ ለእግር አይደለም። ዳር ላይ፣ ደንገሉና ቄጠማው ያለበት፣ ውኃው ረጋ ብሎ ፀሐይ ያሞቀው ቦታ ለልጅ መንቦጫረቂያ የተሠራ ይመስላል። ቢልሃርዚያም፣ ከውኃ በሚገባ ትል የሚመጣው በሽታ፣ የሚገኘው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ትሉ በዓይን አይታይም፤ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ለዚህ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። "እግሯን ብቻ ነከር ላድርጋት" የሚባል ነገር የለም። እኛ 20 ሊትር ጄሪካን ከቤት ሞልተን እንሄዳለን፤ ገላዋንም እጇንም የምናጥበው በእሱ ነው። ውኃ ቢያልቅባችሁና የሐይቁን መጠቀም ግድ ቢሆን፣ ለገላም ቢሆን አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ለመጠጥ ግን ከቤት የፈላ ወይም የታሸገ ውኃ ይሻላል።

የምትተክሉበትን ቦታም በዚሁ ምረጡ። ከውኃው ራቅ፣ ከፍ፣ ደረቅ ያለ መሬት። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውልና ሣር ሊግጥ የሚወጣው ሌሊት ነው። በተለይ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ዳሩ ላይ ያለ ለምለም ሣር ሲያዩት ቢያምርም ማደሪያ አይደለም። ከሕፃን ጋር ሜዳ ላይ ብቻ ማደርን በፍጹም አልመክርም፤ የሰው ግቢ ውስጥ እደሩ። ሐይቁ ዳር ካሉት ሎጆች ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ያስተክሉ እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ወይም እንደኛ ዘመድ ወዳጅ ፈልጉ። የመንገዱንና የአካባቢውን ፀጥታ ደግሞ በዋዜማው ሳይሆን በዚያው ጠዋት እዚያው ካለ ሰው አጣሩ። ጥሩ ካልመሰላችሁ ቅሩ፣ ጣና የትም አይሄድም።

የመጀመሪያው ሌሊት ራሳችሁ ግቢ ውስጥ ይሁን። ድንኳኑን ትከሉ፣ ልጁን አስገቡ፣ አብራችሁት እደሩ። ጨርቁ ነፋስ ሲነካው የሚያሰማውን ድምፅ ይልመደው። ቢያለቅስ ቤት ትገባላችሁ፣ አለቀ። እናንተም ዚፑ በጨለማ የት እንዳለ ታውቃላችሁ።

መቼ? ክረምቱን እርሱት። መስከረምና ጥቅምት አገሩ አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባው ልብ ይሰርቃል፣ ግን ዝናቡ ሄድ ሲል ወባው ይበረታል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ወባ ደግሞ ይህን ከፍታ አይፈራም። እኛ ጥርና የካቲትን እንመርጣለን። ትንኙ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ አጎበር በየትኛውም ወር ይያዛል።

ስለ አጎበሩ ትንሽ ልቆይ። "ድንኳኑ መረብ አለው" ብላችሁ አትተዉት። ሰው በወጣ በገባ ቁጥር ዚፑ ይከፈታል፣ ትንኝ ደግሞ ፈቃድ አይጠይቅም። የአልጋ አጎበር ውሰዱ፣ ከድንኳኑ ጣሪያ መንጠቆ ላይ በገመድ እሰሩት፣ ዙሪያውን ፍራሹ ሥር ጠቅጥቁ። አራቱንም ማዕዘን በእጃችሁ ዳስሱ፣ ሁልጊዜ የሚያመልጠው የእግርጌው ነው። ከዚያ ባትሪ አብርታችሁ ውስጡን እዩ፤ አንድ ትንኝ አብራ ከተዘጋች ሌሊቱን ሙሉ የእሷ ነው። ፀሐይ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ትጠልቃለች፣ ብዙም ሳይቆይ ይጨልማል። ልጁ ከዚያ በፊት በልቶ፣ ታጥቦ፣ እጅጌ ረጅም ልብስና ካልሲ ለብሶ ይጠብቅ። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን የትንኝ ማባረሪያ ቅባት አይቀባም፣ ከዚያ በላይም ቢሆን እጁ ላይ አታድርጉ፣ አፉ ውስጥ ይከተዋልና።

ብርዱን ደግሞ አቅልለን አይተነው ነበር። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ጥር ላይ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። በመጀመሪያው ጉዟችን የያዝነው አንድ ቅያሪ ብቻ ነበር፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዳይፐሩ አፈሰሰና ልብሷም ፍራሹም ራሰ። አባቷ ሸሚዙን አውልቆ ጠቀለላት፣ እኔ ደረቴ ላይ አድርጌ እስኪነጋ ቁጭ አልኩ። ከሩቅ የማኅሌት ድምፅ ይሰማ ነበር፣ እሷ እሱን እያዳመጠች ተኛች። አሁን ሦስት ሙሉ ቅያሪ እይዛለሁ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ፌስታል ውስጥ፣ በጨለማ እንዳልፈልግ። ከፍራሹ በታች ደግሞ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ፣ ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው። ከዓመት በታች ላለ ልጅ ጋቢ ከላይ ከመከመር ልብስ ደርቦ ማልበስ ይሻላል፤ ጋቢው ፊቱ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ብርድ ብርድ ሲላችሁ የከሰሉን ምድጃ ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ ያምራችኋል። አታድርጉት። ጭስ ባይኖረውም፣ አመድ የለበሰ ቢመስልም፣ የከሰል ጋዝ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ይገድላል፣ ሽታም የለውም። ቡናውንም ውጭ አፍሉ፣ ሲያበቃ እሳቱ ላይ ውኃ አፍስሱበት። ዘጌ ደን ነው፣ በበጋ የቡናው ቅጠል መሬት ላይ ደርቆ ተከምሮ ነው የሚገኘው።

ምግቡን ቀላል አድርጉት። የሚጠባ ልጅ ካላችሁ ተገላገላችሁ፤ ከ6 ወር በታች ከጡት ሌላ ውኃም አያስፈልገውም። ለትልቁ አጥሚት በቴርሞስ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ ዳቦ። ሙዙን ግን ድንኳን ውስጥ አብሉት፤ ዘጌ ጦጣ አለ፣ ከልጅ እጅ ነጥቆ ይሄዳል። ዓሣ ካበላችሁት በጣታችሁ እየፈተጋችሁ እሾህ ፈልጉ። ቆሎ ለትንሽ ልጅ አይሰጥም፣ ያንቀዋል። ማርም ከዓመት በታች አይቀመስም፣ አያቶች ቢቆጡም።

በጀልባ የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉም ሕፃን ለያዘ ሰው አይመችም። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ 1 ሰዓት ቢፈጅ ነው። የሕፃን ልክ የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት ብዙ ጀልባ ላይ አይገኝም፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ጠይቁ። ልጁን በአንቀልባ አስራችሁ ጀልባ ላይ አትቀመጡ፣ ፈታችሁ ታቀፉት። ካላማራችሁ በመኪናም ዘጌ ይደረሳል። ገዳም ለማየት ካሰባችሁ ደግሞ ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን እናትም ሴት ልጅም ይገባሉ።

ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጠው ዱቄት)፣ የትኩሳት መለኪያና ልጃችሁ የሚወስደው መድኃኒት ካለ እሱ ከእጃችሁ አይጥፋ። በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ የት እንደሆነ ባለ ግቢውን ጠይቁ። አንድ ሌሊት ይበቃል፤ ሁለተኛው ለሕፃኑም ለወላጁም ድካም ነው።

ከተመለሳችሁ በኋላ ልጁን ተከታተሉት። ወባ ከተነከሱ በኋላ ብዙ ጊዜ ሳምንትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው የሚታየው። በእነዚያ ሳምንታት ልጁ ካተኮሰ "ጥርስ እያበቀለ ነው" አትበሉ፣ በዚያው ቀን ወስዳችሁ ደም አስመርምሩት፣ ጣና ዳር አድሮ እንደነበርም ለሐኪሙ ንገሩት።